ሰባት ቅጂ ታች ቤት

እህት ዓለም፣

ፕሪንተሩን ያለማንም እርዳታ ገጥሜ ከዋይፋይ ጋር አገናኝቼልሻለሁ። ባለሙያ መጥራት ድሮ ቀረ!

ብቻ እንዳትነኪው።

መብራቱ ብልጭ ድርግም ሲል የሚሰራ መስሎኝ ነበር፤ ለካ ገና ዋይፋይ እየፈለገ ነው። ስልኬ ላይ የመጣልኝን ፕሪንተር መርጬ አትም አልኩት፤ የወጣ ወረቀት የለም። ሰባቴ ደጋገምኩት። ዋይፋዩን የምንጋራው ታች ቤት ካለችው አለቃሽ ጋር መሆኑን ረስቼ! የእሷም ፕሪንተር ቁርጥ የኛን ነው።

ያተምኩት የስራ መልቀቂያሽን ነው። "ነገ እሰጣታለሁ" እያልሽ ወር ያስቆጠርሽውን። እኔ እኮ ልገላግልሽ ብዬ...

እሺ፣ ሳልጠይቅሽ ነው።

ሰባቱንም ይዛ መጥታ ነበር። ጠዋት ቢሮ ከመገናኘታችሁ በፊት እወቂው ብዬ ነው የጻፍኩልሽ። እኔ አክስታችን ጋ አድራለሁ፤ ስልኬ ዝግ ነው። ትርፍ ቁልፉ ቆጣሪው ላይ አለ።

ላድንሽ ሞክሬያለሁ፣ ሙች! "እኔ ነኝ ለቀልድ የጻፍኩት" አልኳት። ከላይ እስከ ታች አየችኝና፣

"አንቺ? አንቺማ የገዛ ስምሽንም ያለ ስህተት አትጽፊ!"