እናትሽ ተዪው ያለችሽ ሰልፍ

አራዳ፣ ጥቅምት ፲፱፻፸፪ ዓ.ም.

ለልጅ ልጄ ለእፀገነት፤

አምላክ እግርሽን ከእንቅፋት፣ ምላስሽን ከመታሰር ይጠብቅልኝ። እኛ ደህና ነን፤ የኔ ጉልበት ብቻ የዶሮ ማነቂያን ዳገት እምቢ ብሏል።

ደብዳቤሽን ለእናትሽ አነበብኩላት። ጓደኛችሁ በጨለማው የግቢ መንገድ ስለተደበደበች፣ መብራትና ጥበቃ ይደረግልን ብላችሁ እዚያ ቦምባይ የዩኒቨርሲቲያችሁ ኃላፊ በር ላይ ሦስት ቀን መቀመጣችሁን ስትሰማ ነጠላዋን አዘቀዘቀች።

«አባባ፣ ያባርሯታል። ተዪው ብለው ይጻፉላት» አለችኝ።

እሺ ብዬ ይኸው እጽፋለሁ። መሠረተ ትምህርት ገብታ ገና ከ«ረ» ስላላለፈች የምጽፈውን አታውቅም።

እኔን ያንገበገበኝ ቅናት ነው። ኃላፊው ወጥቶ፣ ወንበር ስቦ የምትሉትን ጻፈ አልሽኝ? እኔ ባለፈው እሑድ በቀበሌ ትእዛዝ እስከ አብዮት አደባባይ ተሰልፌያለሁ። የቀረ ከቀበሌው ሱቅ ስኳር አያገኝም ተብለን፣ ስማችን ተጠርቶ፣ ሌላ ሰው የጻፈውን መፈክር ስንጮህ ዋልን። ሰባ ዓመት ኖሬ የራሴን ጥያቄ አንድ ቀን ጮኼ አላውቅም። ትናንት ያዘልኩሽ ልጅ ቀደምሽኝ።

መብራቱ ሳይበራ ከበሩ አትነሺ። በዚያ መንገድ ግን ብቻሽን እንዳትሄጂ፤ እዚህ ላይ ከእናትሽ ጋር ነኝ።

ይህን ለፖስታ አደራ አልሰጥም። ለሕክምና ወደ ቦምባይ የሚመጣው ጎረቤታችን ሲራጅ በእጁ ይሰጥሻል። በሱው በኩል መፈክራችሁን በአማርኛ ጽፈሽ ላኪልኝ። በሚቀጥለው ሰልፍ ሕዝቡ ሲጮህ፣ እኔ መሃል ገብቼ ያንቺን እላለሁ።

ብርሃን አያሳጣሽ።

ቀናተኛው አያትሽ፣ እምሩ