ከውስጥ የሚከፈት በር

ማክሰኞ፣ ኅዳር 12 ቀን፤ ረፋድ ላይ

ለምወድሽ ለበኩር ልጄ፤

ሰላምታ መቅደም ነበረበት። ግን አንቺም መጀመሪያ የምትፈልጊው የበሩን ወሬ ስለሆነ ልገላግልሽ። መቆለፊያው ተቀይሯል። ዛሬ ጠዋት፣ ሦስት ሰዓት ሳይሞላ። «እማዬ፣ እስክታስቀይሪው እንቅልፍ በዓይኔ አይዞርም» ብለሽኝ የለ? ይኸው፣ እንግዲህ ተኚ።

በስልክ ልነግርሽ ነበር። በስልክ አንቺ ትቸኩያለሽ፣ እኔ ደግሞ ቃል ይጠፋኛል። ወረቀት አያቋርጠኝም። እስካሁን የነገርኩሽም ቆራርጬ ነው፤ ከመጀመሪያው ስሚው።

ወር ሊሞላው ነው። ከምሳ በኋላ በሩን እዘጋለሁ። ከውስጥ በኩል በጣት የምትዞረዋን ማዞሪያ ሁለቴ አዞራለሁ፣ እጀታውን ጫን አድርጌ እሞክራለሁ፣ ከዚያ ሳሎን ገብቼ ወንበሬ ላይ እቀመጣለሁ። ዘጠኝ ሰዓት ገደማ፣ ቀጭ። ትንሽ ቆይቶ ደግሞ፣ ቀጭ። ተነሥቼ ኮሪደሩ ጋ ስደርስ በሩ አንድ ስንዝር ተከፍቷል። ደጁ ላይ ማንም የለም። ከቤቱ ማንኪያ እንኳ አልጎደለም። አንቺ «ቁልፉን ያስቀረጸ ሰው አለ» አልሽ። ልብስ ሰፊዋ ጎረቤታችን «ነፋስ ነው» አለች። ሁለቴ የሚያዞር ነፋስ!

አውቃለሁ፣ ሌላም ነገር አስበሻል። «ከፍተሽ የምትረሺው ራስሽ ነሽ፣ እማዬ» ልትዪ ነበር። አላልሽም፤ ግን ዝም ስትዪ ሰማሁሽ።

ቁልፍ ሠሪው ጎልማሳ ነው፣ ቀልደኛ፣ መነጽሩ በክር የታሰረ። አሮጌውን መቆለፊያ ፈታትቶ ጋዜጣ ላይ ዘረጋው። የስልኩን መብራት አብርቶ የውጪውን ቀዳዳ አየ፣ ነፋ፣ እንደገና አየ።

«እማማ፣ ቤትዎ ሌባ አልገባም» አለኝ። «የሚጎረጉር ሰው ጭረት ይተዋል። እዚህ ጭረት ቀርቶ ቁልፍም ከገባበት ቆይቷል። ይዩት፣ ሸረሪት ልታደራበት ነው።»

እውነቱን ነው። እኔ ከቤት ከወጣሁ ወር አልፎኛል። ለጠየቀኝ ሁሉ ጉልበቴ ነው እላለሁ።

«ታዲያ ማን ነው የሚከፍተው?»

«ከውስጥ ነዋ የሚከፈተው። የሚገባ ሰው የለም። የሚወጣ ነው ያለው።» ካቻቢቴውን አስቀምጦ ቀና አለ። «ብቻዎን ነው የሚኖሩት?»

«ከልጄ ጋር» አልኩት።

ከአፌ አመለጠ። ልመልሰው ስል ሰውዬው ሳቀ። «ታዲያ እሱ ነዋ! ምነው እስካሁን ሳይነግሩኝ! ጎረምሳ መች በር ዘግቶ ይሄዳል? የእኔውም ያው ነው፤ ከኋላው ጅራት ያለው ይመስል በሩን ከፍቶት ነው የሚወጣው።»

አላረምኩትም። ልጄ፣ ለምን እንዳላረምኩት አትጠይቂኝ።

ከዚያ ሁለት ዓይነት አሳየኝ። አንዱ እንደ ድሮው ከውስጥ በጣት የሚዞር ነው። ሌላው ከውጭም ከውስጥም ያለ ቁልፍ የማይከፈት። «ይኼኛውን አልመክርዎትም» አለ፣ «እሳት ቢነሣ ቁልፍ ፍለጋ ሲሯሯጡ ይቃጠላሉ።»

«እሱን ግጠምልኝ።»

«ልጅዎ ቅር ይለዋል።»

«ይልመደው» አልኩት። መቃኑን በመሮ ሲፈለፍለው፣ ብሎኑን ሲያጠብቀው፣ አጠገቡ ቆሜ አየሁ። ሲጨርስ እኔ ራሴ ቆለፍኩና ቁልፉን በአንገቴ አንጠለጠልኩት።

ረቡዕ

ትናንት ያቆምኩት ዘጠኝ ሰዓት ስለቀረበ ነው። ጠበቅሁ፤ ቀጭ አላለም።

በመጀመሪያ ሌላ ነገር ልጻፍልሽ። ሁለት ዓመት ሙሉ ያልነገርኩሽ ነው። ወንድምሽ ወጥቶ የቀረ ዕለት ተኝቼ ነበር ብያችኋለሁ። ለፖሊስም፣ ለአንቺም፣ ፎቶውን ይዘው በየመንገዱ ለዞሩት ጓደኞቹም። አልተኛሁም። ተጋድሜ ነበር፣ ፊቴን ወደ ግድግዳው አዙሬ።

ምሳ ላይ ተናግሬው ነበር። ሥራውን ከለቀቀ ስምንት ወር ሆኖት፣ ከክፍሉ የሚወጣው ለሳህን ብቻ እንደነበረ ታውቂያለሽ። «እስከ መቼ ነው እዚህ የምትታጎረው? ወጣ በልና ሰው ምሰል!» አልኩት። ሳህኑን አጥቦ አስቀመጠ። እርጥቡን እጁን በሱሪው ሲጠርግ ትዝ ይለኛል። እኔ ልጋደም ሄድኩ። ከዚያ በሩን ሰማሁት። አንቺ «ድመቱ» የምትዪው በእርምጃው አልነበር? ማዞሪያውንም እንደዚያ ነበር ያዞረው፣ የተኛችውን እናቱን እንዳይቀሰቅስ። ቀጭ። ጥቂት ቆይቶ፣ ቀጭ። በመካከሉ ጊዜ ነበር። «ወዴት ነው?» ለማለት የሚበቃ ጊዜ። አኩርፌ ስለነበር ዝም አልኩ። ይሂድ፣ አየር ያግኝ አልኩ በልቤ። ቁልፉን ጠረጴዛው ላይ ትቶት እንደሄደ ያየሁት ሲመሽ ነው።

አሁን ቀጭ ሲል ለምን እንደማውቀው ገባሽ?

ሐሙስ

ትናንት ዘጠኝ ሰዓት ሆነ። ቀጭ የለም። ማዞሪያዋ ከቦታዋ የለችማ። ከወንበሬ ሆኜ በሳሎኑ በር ክፍተት የሚታየኝ እጀታው ብቻ ነው። ሲወርድ አየሁት። ቀስ ብሎ ወረደ፣ ቀስ ብሎ ተመለሰ። ሦስት ጊዜ። አልተናደደም። ቢወዘውዘው፣ ቢመታው ይሻለኝ ነበር። እንዴት ባለ ጥንቃቄ እንደሚሞክረው ብታዪ! እስካሁን የተኛሁ ይመስለዋል።

በኋላ የክፍሉ አልጋ ሲጢጥ ሲል ሰማሁ። ሄጄ አላየሁም። ለማየት አልፈልግም። ቤት ውስጥ እንዳለ ካወቅሁ ይበቃኛል።

ዛሬ ጠዋት ልብስ ሰፊዋ በመስኮቱ ፍርግርግ ዳቦ ስታቀብለኝ «አንቺ ሴትዮ፣ ሌባ ሳይመጣ ራስሽን አሰርሽ እኮ!» ብላ ሳቀች። ከዚያ ሳቋን ተወችው። «ትናንት እንግዳ ነበረሽ እንዴ? ዘጠኝ ሰዓት ላይ ክር ልገዛ በደጅሽ ሳልፍ የበርሽ እጀታ ከፍ ዝቅ ይላል። አንቺ መስለሽኝ ተጣራሁ። ዝም።»

«እኔ ነኝ» አልኳት። «አዲሱን ቁልፍ ስሞክር።»

«ታዲያ አትመልሺም? ልቤን አወለቅሽው!»

ስለዚህ እኔ ብቻ አይደለሁም ያየሁት። ይህን የጻፍኩልሽ እንድታምኚኝ ነው። ደግሞ ስለ እሷ አስቢ፤ ሰፊ ናት፣ ዓይኗ መርፌ ያያል።

ሐሙስ፣ ዐሥር ሰዓት

ዛሬ ተናገርኩ።

እጀታው ወረደ፤ ገና ሳይመለስ «ወዴት ነው?» አልኩ። ጮክ ብዬ አይደለም፤ ምሳ ላይ ጨው አቀብለኝ እንደሚባለው። እጀታው ወርዶ ቀረ። ሰው ይዞት የሚያስብ ይመስል፣ ረጅም ጊዜ። ዓይኔን አልነቀልኩም። ከዚያ ተለቀቀ።

ወደ ክፍሉ የተመለሰ መስሎኝ ነበር። አልተመለሰም። ወለሉ ወደ እኔ መጣ። እርምጃውን አይደለም የምልሽ፤ የሚንቋቋው ጣውላው ነው፣ አንድ በአንድ፣ እስከ ወንበሬ ጀርባ ድረስ። እዚያ ቆመ። ትንሽ ሳለ የሚፈልገው ነገር ሲኖር እንደዚያ ነበር የሚያደርገው። አይጠይቅም፤ ከጀርባዬ ቆሞ ከአንዱ እግሩ ወደ ሌላው ይዛወራል። አንቺ «ተናገር እንጂ፣ አፍ የለህም?» ትዪው ነበር። እኔ ግን ምን እንደሚፈልግ አውቅና እሰጠው ነበር። እንደዚያ ቆሞ ጠይቆኝ እምቢ ያልኩት ነገር የለም። አንቺ በዚህ ትቀኚ ነበር፣ ደግሞም እውነትሽን ነው።

ዛሬ ዞር አላልኩም። እጄ ግን አንገቴ ላይ ነበር፣ ቁልፉ ላይ። ክሩን እስከ ግማሽ አውልቄው ነበር፣ ልጄ።

ዓርብ ማለዳ

ሌሊቱን ተኛሁ፣ ደህና እንቅልፍ። ስነቃ አእምሮዬ ጠርቶ ነበር።

ራሴን አውቃለሁ። ዛሬ ዘጠኝ ሰዓት ላይ እንደገና ከጀርባዬ ከቆመ እሰጠዋለሁ። ከዚያ ማዶ ሌላ ሁለት ዓመት አለ፤ ወይም ሁለት ዓመት ሳይሆን እስከ መጨረሻው። ስለዚህ ቁልፎቹን እዚህ ቤት ማስቀመጥ አልችልም። ቁልፍ ሠሪው ሦስት ነው የሰጠኝ፤ ሦስቱንም በጨርቅ ጠቅልዬ ከዚህ ደብዳቤ ጋር ፖስታው ውስጥ አድርጌያቸዋለሁ። አሁን ልብስ ሰፊዋ ስትመጣ ፖስታ ቤት እንድታደርስልኝ በፍርግርጉ እሰጣታለሁ። ምንድን ነው የሚቃጨለው ካለችኝ፣ ለልጄ የላክሁት ቁልፍ ነው እላታለሁ፤ መቼም አልዋሸሁም። ዳቦና ወተት በየጠዋቱ ታቀብለኛለች። ውኃ ከቧንቧው አለ። አታስቢ።

ተጣደፊ አልልሽም። ሥራ አለሽ፣ መንገዱም ሩቅ ነው። ስትመጪ ግን በጠዋት ይሁን፣ ዘጠኝ ሰዓት ሳይደርስ። በሩን በሰፊው አትክፈቺው። በጎንሽ ግቢና ቶሎ መልሰሽ ቆልፊው፤ ከዚያ ታቅፊኛለሽ። በሩ ላይ ሳለሽ ከጎንሽ የሚያልፍ ነገር ከመሰለሽ፣ እኔ ያን ቀን ያልጠየቅሁትን ጠይቂው። ለአንቺ ሳይመልስልሽ አይቀርም። አንቺን ይፈራ ነበር።

እግርሽ የረገጠው ይቃናልሽ። በባዕድ ቤት የሚያምሽ አይኑር፣ የሚያምሽ ከኖረም ውኃ የሚያቀብልሽ አይጥፋ። ማታ ማታ በርሽን ዝጊ፤ የምትወጂው ሰው ሲወጣ ግን፣ ብትቀየሚውም፣ ተነሥተሽ ሸኚው።

እናትሽና ወንድምሽ