የፈላና በር ጭስ

ይድረስ ለምወድሽ አበልጄ፣

እንደምን ነሽ? ወገብሽስ እንዴት አደረገሽ? ሴትዮዋ አሁንም ያንን ከባድ ምንጣፍ ብቻሽን ታሸክምሻለች? እንደምን ነሽ ብዬ መጀመሬን አትታዘቢኝ፤ ደብዳቤ ያለ ሰላምታ እንዴት እንደሚጀመር አላውቅበትም። እኔ ቆሜ እሄዳለሁ፣ ክፍል እገባለሁ፣ ተመስገን ነው። ልጅሽ ቤዚ ደህና ናት። ይኸው አሁን አጠገቤ ሆና የቤት ሥራ እሠራለሁ እያለች እርሳሷን ታኝካለች። ጥርሷን እንዳንቺ ልታጣምም ነው መሰለኝ፣ ብቆጣ ብቆጣ አልሰማ ብላኛለች።

ስልክ እያለ ደብዳቤ ምን አመጣው ትዪ ይሆናል። ሰሞኑን ስትደውዪ አላነሳሁም፤ አይቼ እንዳላየ ነው የሆንኩት። አንቺ ደግሞ ድምፅ ትይዣለሽ፤ ገና «ሃሎ» ስልሽ «ምን ሆነሻል?» ነው የምትዪኝ። መቅደስ ፈቃዷን ጨርሳ ወደ ሻርጃ ልትመለስ ስለሆነ በእጇ ልስጣት ብዬ ተቀመጥኩ። እኔ ያደረግኩትን ነገር ከሌላ አፍ ከምትሰሚው ከኔ እጅ ቢሆን ይሻላል።

ባልሽ እንደሻው ፈረስ መጋላ ያለችውን መጠገኛ መዝጋቱን ነግሮሽ ነበር? አልነገረሽም፤ አውቀዋለሁ፣ ኩሩ ነው። ሰው ከድሬዳዋ ድረስ የሞተ ቴሌቪዥን ተሸክሞ የሚመጣለት ባለሙያ፣ ቁልፉን ለአከራይ መልሶ እቤቱ ገባ። ምን ያድርግ? የዘንድሮ ስልክ ሆዱ ተለጥፎ ነው የሚመጣው። ባትሪው ሲደክም ስልኩ አብሮ ይጣላል፤ መስታወት ከማስቀየር አዲሱን መግዛት ይቀላል። ሰዉን ደግሞ ታውቂው የለ፣ ጎረቤት የያዘውን ካልያዘ እንቅልፍ አይወስደውም።

ከዚያ እንደሻው ከቆራሌዎች የሞተ ዕቃ መግዛት ያዘ። ያ ሆደ ሰፊው የድሮ ቴሌቪዥን፣ ሬሲቨር፣ የስልክ ቀፎ፣ የፍሪጅ ሞተር፣ ምን ያልገባ አለ። ጤና አዳምሽን የተከልሽበት ጓሮ ዛሬ ብታዪው አታውቂውም። የሚፈልገው መዳቡን ነው። ሽቦውን በቢላ ልላጠው ቢል ቀኑን ይፈጅበታል፤ እሳት ላይ ከወረወረው ግን ላስቲኩ ነዶ መዳቡ ብቻውን ይቀራል። እና ፀሐይ ዘቅዘቅ ስትል ከፈላና በር ወጣ ብሎ፣ ከግንቡ ሥር ያቀጣጥለዋል።

ያ ጭስ እኮ የእንጨት ጭስ እንዳይመስልሽ! ጥቁር ነው፣ ጉሮሮ ላይ ይለጠፋል፣ ምላስሽ ላይ ሳንቲም የያዝሽ ያህል ይመራል። ነፋሱ ግንቡን ያሻግርና ጀጎል ውስጥ ይከተዋል። ቤዚ ማሳል ጀመረች። ክፍሌ ውስጥ ካሉት ልጆች ግማሹ ዓይናቸውን እያሹ ነው የሚማሩት። አንድ ቀን ሀቢባ፣ ያቺ ከግንቡ ወዲያ ያለችው ጎረቤታችን፣ ሻሿን አፍንጫዋ ላይ ጠምጥማ መጣችና «ወላሂ መምህርት፣ የልጅ ልጄ እየታፈነ ያድራል። መስኮቱን ብዘጋ በሙቀት፣ ብከፍት በጭስ አለቅን። እንደሻው የኛው ልጅ ነው፣ ቴሌቪዥኔን ስንቴ አስነስቶልኛል፣ እኔ ክፉ አልናገረውም። አንቺ አበልጁ ነሽ፣ ምከሪው» አለችኝ።

መከርኩት፤ ሳቀብኝ። እኔ ደግሞ እንደምታውቂኝ ነኝ፣ ከያዝኩ አለቅም። የአካባቢ ጥበቃ ክበቡን ልጆች ሰብስቤ ሰልፍ አስወጣሁ። አሮጌ ቀፎና ባትሪ ከየቤቱ ለቅመን በካርቶን አጠራቀምን፤ ይኸው እስከ ዛሬ የሚረከበን ጠፍቶ ካርቶኑ ከጥቁር ሰሌዳው ሥር አቧራ ይጠጣል። ማመልከቻ ይዤ ቢሮ ለቢሮ ዞርኩ። «እናየዋለን» አሉኝ። ምኑን እንደሚያዩት እንጃ፣ ጭሱ እንደሆነ ከእነሱም መስኮት ይታያል።

ሲመረኝ አንድ ሐሳብ መጣልኝ። በኛ ሰፈር ሹም የማይፈራ ሞልቷል፣ እድር የማይፈራ ግን አለ? አልኩ። በወሩ ስብሰባ ተነሥቼ ተናገርኩ። ላስቲክና ሽቦ የሚያቃጥል አባል መጀመሪያ ይመከር፣ ሁለተኛ ይቀጣ፣ ሦስተኛ ከነቤተሰቡ ከእድሩ ይሰረዝ፤ ጡሩምባ አይነፋለት፣ ድንኳን አይተከልለት አልኩ። እንዴት እንዳጨበጨቡልኝ ብታዪ! የእድሩ ዳኛ ጋሽ ኤልሳዕ፣ እኚያ የማይስቁት ሰውዬ፣ «አንቺን የመሰለች ሦስት ብትኖረን» አሉኝ። የዚያን ቀን እቤቴ የገባሁት እየዘፈንኩ ነው። እንደሻው ይተዋል ብዬ ነበር። ማን እናቱን ይዞ ከእድር ጋር ይጫወታል?

ምክሩን የነገርኩት እኔው ነኝ። አልተቆጣም። «አበልጅ፣ ሚስቴ በየበዓሉ አዲስ ስልክ ስትልክልሽ አሮጌው የት ይሄዳል? እኔ ጋ ነው የሚመጣው። እናንተ ትጥላላችሁ፣ እኔ አነሳለሁ» አለኝ። ደግሞም እውነቱን ነው። ቢሆንም በቢላ ላጠው ብዬ ለመንኩት፣ እሺ አለ። ሳምንታት ላጠ፤ ጣቶቹ ሁሉ ተቆራርጠው በፋሻ ተጠቅልለው አየሁት፣ አንጀቴን በላኝ። ኋላ መዳቡን የሚወስደው ነጋዴ አጣደፈው መሰለኝ፣ ጭሱ ተመልሶ መጣ። ቀጡት። ደግሞ አቃጠለ።

ሊሰረዝ ስብሰባ ተቀመጥን። አበልጄ፣ ይህን ካልጻፍኩ ሌላው ሁሉ ወሬ ነው። ይሰረዝ ዘንድ የሚደግፍ እጁን ያውጣ ሲባል እጄን አውጥቻለሁ። ደንቡን ያመጣሁት እኔ ሆኜ ለአበልጆቼ ቤት ሲሆን ብሸሽ ማን ያምነኛል ብዬ ነው። እንደሻው ከኋላ ቆሞ ያየኝ ነበር። ኮቱን አንሥቶ ወጣ።

በማግስቱ አማትሽ እማማ ወለተሥላሴ መጡ። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር። በሬ ላይ እንደቆሙ «ልጄ፣ በዚህ ሰፈር የቀረሁበት ለቅሶ አለ? የአባትሽን ንፍሮ የቀቀልኩት እኔ አይደለሁም? አሁን እኔን ማን አፈር ያልብሰኝ?» አሉኝ። ግቡ ብላቸው አልገባም አሉ። ቤዚን እጇን ይዘው ሄዱ። እኔም ቁጭ ብዬ ስንቅስቅ ብዬ አለቀስኩ፤ ግን አበልጄ፣ እያለቀስኩም ጭሱ በመስኮቴ ይገባ ነበር።

ከዚያ ሳሉ በእንደሻውም ላይ ወጣ። ለካ ከቤዚ በፊት ነው የጀመረው፤ ደብቆን እንጂ። ሆስፒታል ሲተኛ ሐኪሟ ስትናገር ከዓይኔ ዓይኗን አሸሸች፣ ያኔ ገባኝ። ላንቺ ልደውል ስለው «እንዳትነግሪያት፣ ሥራዋን ጥላ ትመጣለች» ብሎ አስማለኝ። ማርያምን ብዬ ማልኩለት። ያላነሳሁብሽ ስልክ ሁሉ ይህ ነው። አንድ ነገር ብቻ ለመነኝ፤ «እሳቱን ትቻለሁ፤ እናቴን ወደ እድሯ መልሺልኝ» አለኝ።

ከሆስፒታሉ በቀጥታ ጋሽ ኤልሳዕ ዘንድ ነው የሄድኩት። ለመንኳቸው፣ እግራቸው ላይ ልወድቅ ምንም አልቀረኝም። «ለአንዱ ብለን ካፈረስነው ነገ ሰፈሩ በሙሉ ይጨሳል፤ ያልሽው አንቺ ነሽ» አሉ። ቀጥለውም «የተሰረዘ ሰው መመለስ ከፈለገ ራሱ ይምጣ፣ ቆሞ ይቅርታ ይጠይቅ ይላል ደንቡ» አሉኝ። ይህንንም ያስገባሁት እኔ ነኝ፤ ሰው ሽማግሌ እየላከ እንዳያመልጥ ብዬ፣ ብልጥ ነኝ ብዬ! አልጋ ላይ ነው እኮ፣ እንዴት ብሎ ይምጣ ስላቸው «እንግዲያው ሲሻለው» አሉ። ክፉ ሰው ሆነው አይደለም። ያጨበጨቡትን አምነውበት ነው ያጨበጨቡት።

ማክሰኞ ጠዋት በሰፈሩ ጡሩምባ አልተነፋም። ጎረቤቱ ሁሉ ሰምቷል፤ ግን እያንዳንዱ የሌላውን ደጅ ያያል። አስቀድማ የመጣችው ሀቢባ ናት። ወንዶች ልጆቿንና የአፎቻዋን ሰዎች፣ የእነሱን እድርተኞች በያቸው፣ ከጀጎል ውስጥ ይዛ መጣች። «ለጭሱ ስናማው ጎረቤታችን ነበር፣ ለዚህ ጊዜ ባዳ ሊሆን ነው?» አለች። እነዚያ ልጆች አራት ሆነው አነሱት። አበልጄ፣ ከእኛ ወገን ትከሻ የሰጠ ወንድ አልነበረም።

መንገዱ በቀጥታ ወደ ቤተ ክርስቲያን ነበር። እማማ ግን «በእድሩ ቤት በኩል አዙሩልኝ» አሉ። አዞሩላቸው። ጋሽ ኤልሳዕ በራፉ ላይ ተቀምጠው ነበር፣ ሲያዩን ተነሡ። «አውርዱት» አሉ እማማ፤ ከደጃቸው ላይ አወረዱት። ከዚያም «ኤልሳዕ፣ ራሱ ይምጣ ብለህ ነበር። ይኸው፣ ልጄ ራሱ መጥቷል። መቆሙ አቅቶታል፤ እሱን እኔ ቆሜለታለሁ። ይቅር በሉት» አሉ።

ሰውዬው ባርኔጣቸውን አወለቁ። ድንኳኑ ያለበትን ክፍል ቁልፍ አውጥተው ወደ እኔ ዘረጉ። ተቀብዬ የከፈትኩት እኔ ነኝ። አግዳሚውን እየጎተትኩ ሳወጣ ማንንም ቀና ብዬ አላየሁም። ኋላ ሰፈሩ ግልብጥ ብሎ ወጣ፤ ጡሩምባውም ረፍዶ ተነፋ።

ይህን ስታነቢ መቅደስና ማኅበርተኞቿ አጠገብሽ ናቸው። በጠዋት መጥተው ሊሉሽ የሚገባውን ብለውሻልና እኔ ያንን ቃል እዚህ ላይ አልጽፈውም። እማማ ፀጉራቸውን ተላጭተው እኔ ቤት ናቸው፤ ቤዚም እንዲሁ። በበዓል የምትልኪልኝን ስልክ አትላኪ፤ ይኼኛው ይሠራል፣ ባይሠራም ግድ የለኝም።

ከፈላና በር በላይ ሰማዩ ጠርቷል። ሀቢባ መስኮቷን ከፍታ ታድራለች፣ ቤዚም ሳሏ ቀንሶላታል። ሰዉ መንገድ ላይ ሲያገኘኝ «ደንብሽ ሠራ» ይለኛል፤ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ እወዳለሁ። ደንቡ ስሕተት ነበር ብዬ ግን አልዋሽሽም። ያ ጭስ የልጅሽን ደረት ይበላ ነበር። ሰውዬውን ደግሞ ማንም አልደገፈውም፤ እኔ እጁን ልይዝ ሲገባኝ እጄን አወጣሁበት። ሁለቱም እውነት ነው፣ ሁለቱን አንድ ላይ መሸከም አቅቶኛል።

ጋሽ ኤልሳዕ በመጪው ስብሰባ ደንቡ ይቆይ ወይስ ይነሣ ብለው ሊጠይቁ ነው። አሁንም የሚያዩት እኔን ነው። እኔ በዚያ ቤት ዳግመኛ እጄን አላወጣም። አንቺ ግን ቃል ላኪልኝ፤ ይቆይ ካልሽ ይቆይ፣ ይነሣ ካልሽ ይነሣ እላለሁ። ቤዚንም ከእኔ ለይተሽ ለሌላ ዘመድ ስጪ ካልሽ እሰጣለሁ፤ ፊቴን አላጠቁርብሽም።

የሰው አገር እንባ አባሽ የለውምና ድንግል ማርያም ራሷ ታብስልሽ። ብርታቱን ይስጥሽ፤ ወደ ልጅሽ በሰላም ያግባሽ። እማማ ሳሚልኝ ብለዋል። ቤዚ ከታች ባለው ባዶ ቦታ አበባ ልሣልላት ብላለች፣ ትቼላታለሁ።

ከፈቀድሽልኝ፣
የቤዚ ክርስትና እናት