የሰው ጤፍ ነው

ህዳር 2፣ ከጠዋቱ 1፡30

ደግሞ ጉም። የጨፋ ሸለቆ ከዳር እስከ ዳር ተሸፍኗል፤ እስኪገፈፍ ቁጭ። ሁለተኛ ሻይ። ዛሬ የመ/አ ሰይድ ቼክ ነው። በየስድስት ወሩ እያንዳንዱ ፓይለት ከጎኔ ተቀምጦ ይፈተናል፤ ካላለፈ መብረር የለም። ከጥገና የወጣችውን ሄሊኮፕተርም መጀመሪያ ይዣት የምነሳው እኔ ነኝ። ለማሽኑም ለሰውም ፈራሚው እኔ፤ ለዚህ ነው ፓይለቱ ሁሉ ሲያየኝ መንገድ የሚቀይር። ይቀይር።

ሰይድ ብቻ አይፈራኝም። የዚሁ የጨፋ ልጅ ነው፣ የእናቱ ቤት ከካምፓችን በባጃጅ ሩብ ሰዓት አይሞላም። ጠዋት ከከሚሴ ሙዝ ገዝቶ መጣ። ጉቦ ነው ወይ አልኩት። ለጉቦማ ፍየል ነበር የማመጣው አለ። ሙዙን በላሁለት።

ያው ቀን፣ 9፡00

በረርን። አነሳሱ ቆንጆ፣ እጁ ለስላሳ። ሸለቆው መሃል ስንደርስ ሳላስጠነቅቀው ጋዙን ቀነስኩና ሞተር ጠፍቷል አልኩ። ስሚ ደብተሬ፣ አንቺ ስለማታውቂ፦ ሞተር ሲጠፋ ክንፉን የሚያዞረው ከታች የሚመጣው ነፋስ ብቻ ነው። ጊዜ የለም። ፊትሽ ያለው ሜዳ ላይ ታርፊያለሽ፣ አለቀ።

ፊታችን የደረሰ ጤፍ። ሰፊ፣ ድንጋይ የሌለበት። ሰይድ አልፎት ሄደ! ቦርከና ወንዝ ዳር ወዳለው ግጦሽ። ከፍታችን አለቀ፤ ጋዙን መልሼ ወደ ላይ አወጣኋት።

ጮኽኩበት። ሳቀ። የክንፉ ነፋስ ብቻ የደረሰ ጤፍ ያረግፋል፣ ለፈተና ብዬ የሰው የዓመት እንጀራ ልበትን ወይ አለኝ። እውነት ሞተር ቢጠፋሳ? አልኩት። ኢንሻአላህ አርፋለሁ አለ። ድገም አልኩት። ግጦሹ አጠገብ ደገመው፤ መንካታችንን እንኳ አላወቅሁም።

ወረቀቱ ላይ "አልፏል" ብዬ ፈረምኩ። የአስተያየቱ ቦታ ባዶ። እዚህ ካምፕ ያለን ፓይለት ሁለት ነው፤ ጎርፍ ድልድይ የወሰደባቸው ቀበሌዎች መድኃኒት ይጠብቃሉ። በምን አንጀቴ ከበረራ ላስቀምጠው? በሚቀጥለው ሳምንት እዚያው ጤፉ ላይ አስደግመዋለሁ።

ህዳር 5፣ ማታ

የተጠገነችውን ሞክሬ ፈረምኩ። ንጹሕ ናት። ሰይድን ላስደግመው ስል በባቲ በኩል ምጥ የጠናባት ሴት አለች ተባለ፣ ሄደ። ሐኪም ቤት አደረሳት፤ ወንድ ወለደች። ስሙን ሰይድ ይበሉታ ብዬ ስቀልድ ፊቱ በራ። ፈተናው ነገ። ወይ ከነገ ወዲያ።

ህዳር 9

ሰይድ ሞተ።

ህዳር 10፣ 4፡00

ትናንት አልቻልኩም፣ ይቅር በይኝ።

በዚያችው በተጠገነችው መድኃኒት አድርሶ ሲመለስ ሞተሩ ጠፋ። አብሮት የነበረው ቴክኒሻን፣ ሃ/አ ታደለ፣ እግሩ ተሰብሮ ተርፏል። ከግጦሹ ወዲህ፣ ቦይ ውስጥ ነው የወደቁት። ትንሽ ነበር የቀራቸው። ጀናዛው ከመምሸቱ በፊት ወጥቶ ተቀበረ።

ከቦዩ ወዲህ ያለው ጤፍ ነው። ዳሩ ላይ ቆምኩ። አንድ ዘለላ አልተጎነበሰም። ተቀምጬ እንደ ሕፃን አለቀስኩ። ወታደሮቹ አዩኝ፣ ይዩኝ።

ህዳር 11

ታደለን ልጠይቅ ሐኪም ቤት። ከስር ከስር እያቃሰተ ነገረኝ። ሞተሩ ጸጥ ሲል ጤፉ እግራቸው ስር ነበር። ታደለ እዚህ ጣለን ብሎ ጮኸ። ሰይድ አንዲት ነገር ነው የተናገረው፦

"የሰው ጤፍ ነው።"

ከዚያ ወደ ግጦሹ አዞራት። ታደለ ለመርማሪዎቹም ነግሯቸዋል፣ መድኃኒቱ ያስለፈልፈዋል ብለው ሳይጽፉ አልፈውታል። ሻምበል፣ ምን ማለቱ ነበር? ብሎ ጠየቀኝ። አላውቅም አልኩት። ዋሸሁ። ለታመመ ሰው ዋሸሁ።

ህዳር 13፣ 11፡00

የአደጋው መርማሪ ኮሚቴ ሥራውን ጨረሰ። ነዳጅ የሚገፋው ፓምፕ ውስጡ ተሰብሮ ተገኘ፤ ከውጭ አይታይም፣ በሙከራ በረራም አይታወቅም። የኔ ፊርማ ንጹሕ። የቼኩን ወረቀት ገለጥ አደረጉት፣ "አልፏል" የሚለውን አዩ፣ ዘጉት። ሰብሳቢው እጄን ጨብጦ፣ አንተ ላይ ምንም የለም፣ ቀና በል አለኝ።

አመሰግናለሁ አልኩ። ሰማሽ? አመሰግናለሁ ነው ያልኩት።

ማንም አይጠይቀኝም። ካንቺ በቀር የሚያውቅ የለም። ፓምፑን የሰበርኩት እኔ አይደለሁም። ግን ፓምፕ ተሰብሮም ሰው ይተርፋል፣ ሜዳው ከስሩ ነበር። እንዲህ እንደሚያደርግ በዓይኔ አይቼዋለሁ። አይቼ፣ ሙዙን በልቼ፣ ፈረምኩ።

ህዳር 15፣ ማታ

ለቅሶ ደረስኩ። ዩኒፎርሙን አውልቄ፣ በባጃጅ። ድንኳኑ ሞልቷል፤ ግማሹ በኦሮምኛ፣ ግማሹ በአማርኛ ያወራል። አንድ ሽማግሌ ጥግ ይዘው ያለቅሳሉ፤ ባለጤፉ ናቸው አሉኝ። ምነው ባረፈበት፣ ምነው ሁሉንም በደፋው፣ ጤፍ ለከርሞ ይበቅል የለም ወይ ይላሉ። የሚያጽናናቸው ጠፋ።

እናቱ ወ/ሮ ዘሀራ ማን እንደሆንኩ ሲነገራቸው ሁለት እጄን ያዙ። ይረግሙኛል ብዬ ነበር፣ መረቁኝ፤ ምርቃቱ ባሰ።

"ኢልማ ኮ፣ ልጄ፣ በየሳምንቱ ይደውልልኝ ነበር። ፈታኛችን ኮስታራ ነው፣ ያልበቃ ሰው አያሳልፍም ይለኛል። አላህ ይስጥህ። እሱ ሰማይ ላይ እያለ እኔን እንቅልፍ የወሰደኝ ባንተ ነው።"

 ጎበዝ ነበር አይደል አሉኝ። ጎበዝ ነበር አልኩ፤ እውነት ነው። የቀረውን እውነት አልነገርኳቸውም። ቀደር ነው፣ አላህ የጻፈው ነው ልጄ፣ አይዞህ ብለው እኔን አጽናኑኝ። እኔን! ብድግ ብዬ ወጣሁ።

ህዳር 16፣ ከጠዋቱ 12፡15

አልተኛሁም። ጽፌዋለሁ፣ ላንቺም ልገልብጠው፦ "መ/አ ሰይድ ህዳር 2 በተደረገው ፈተና፣ ሞተር ጠፍቷል ሲባል ከስሩ ያለውን ሜዳ ትቶ አለፈ። ማለፍ አልነበረበትም። ያሳለፍኩትና አስተያየት ሳልጽፍ የፈረምኩት እኔ ነኝ።" ስም፣ ማዕረግ፣ ፊርማ። የፈታኝነት ፈቃዴን አያይዣለሁ። ከእንግዲህ በማንም ላይ አልፈርምም።

ኮሚቴው ሪፖርቱን ሊያስረክብ 3 ሰዓት ይሰበሰባል፤ ወረቀቴን ያኔ እሰጣቸዋለሁ። እናቱ ግን ከሌላ ሰው አፍ እንዲሰሙት አልፈልግም፣ ማንበብም አይችሉም። ቁጭ ብዬ አነብላቸዋለሁ። ምርቃታቸውን ይመልሱ እንደሆነ ይመልሱ።

ባጃጁ በር ላይ ቆሟል። መጀመሪያ እሳቸው ጋ ነው የምሄደው።