ወ/ሮ ውባንቺ ገመዳ እና በስማቸው ያልተጻፈው ቤት

ወ/ሮ ውባንቺ ከአባታቸው ከአቶ ገመዳ ይርጉ እና ከእናታቸው ከወ/ሮ ዘሪቱ በ1961 ዓ.ም. በወሊሶ ከተማ ተወለዱ። ለቤቱ የመጀመሪያ ልጅ ነበሩ። ትምህርታቸውን እዚያው እስከ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ተከታትለው በአዲስ አበባ በጸሐፊነት ተቀጠሩ። እናታቸው በ1982 ዓ.ም. ሲያርፉ ታናናሾቻቸውን ሳህሌንና ገነትን ከደመወዛቸው እየቆረጡ ያስተማሩ እሳቸው ናቸው። ሳህሌ አሜሪካ ሲመጡም ቲኬቱን የገዙላቸው እሳቸው ናቸው። ይህ ኋላ ለሚመጣው ነገር ስለሚጠቅም በደንብ ይሰማ።

በ1993 ዓ.ም. ከአቶ ሉቃስ ጋር ትዳር መሥርተው ልጃቸውን ሐሴትን ወለዱ። ባለቤታቸው ሕፃኗ ሁለት ዓመት ሳይሞላት አረፉ። በ2000 ዓ.ም. ዲቪ ደርሷቸው ልጃቸውን ይዘው ሲያትል ገቡ፤ በሁለት የአረጋውያን መንከባከቢያ ቤቶችም ሥራ ጀመሩ።

እ.ኤ.አ. በ2015 በሠፈራቸው ቤተ መጻሕፍት በነጻ የሚሰጠውን የኪራይ ቤት ኢንቨስትመንት ትምህርት ስድስት ቅዳሜ ተከታተሉ። ደብተራቸው ዛሬም አለ። «መጀመሪያ ራስሽ የምትኖሪበትን ግዢ፤ ግማሹን አከራዪ። ቀለሙን ተዪው፣ ጣሪያውንና ቧንቧውን እዪ። አውቶቡስ የሚያልፍበት ይሁን» ይላል። ባንኩ ግን ክሬዲታቸው፣ ማለትም የብድር ታሪካቸው፣ ገና ነው ብሎ መለሳቸው። ስለዚህ በ2016 በሲያትል ሌክ ሲቲ ሠፈር ያለውን ዱፕሌክስ፣ ላይና ታች ሁለት መኖሪያ ያለውን ቤት፣ ቅድመ ክፍያውን ከራሳቸው ቁጠባ ከፍለው፣ ኤቨረት ከተማ አውሮፕላን ፋብሪካ በሚሠሩት በወንድማቸው በአቶ ሳህሌ ስም በብድር ገዙ።

ቤቱን ያገናኘቻቸው ደላላ እስከዳር፣ «እትዬ ውባንቺ፣ ሶ ቢያንስ አንድ ወረቀት ሳይን ያድርጉልዎ» ብትላቸው፣ «የእናቴን ልጅ ፈርምልኝ ልበለው? ምን ነካሽ!» ብለው ተቆጧት። የተከራይ ወረቀት ሲሆን መነጽራቸውን አጥልቀው ከላይ እስከ ታች የሚመረምሩ ሴት፣ ለወንድማቸው አንዲት መስመር ማጻፍ አፈሩ። ይህ የእሳቸው ብቻ ስሕተት አይደለም። በዚህ አዳራሽ ለሽኝታቸው ተቀምጠን በሰው ስም ቤት የገዛን ስንቶች ነን?

ታችኛውን ክፍል እየኖሩበት፣ ላይኛውን እያከራዩ ብድሩን ዘጠኝ ዓመት ከፈሉ። የተዘጋ ቧንቧ መክፈት፣ ግድግዳ መቀባት፣ ቦይ መጥረግ ተማሩ። ተከራይ ሲታመምባቸው ሾርባ ይዘው ደረጃውን ይወጡ ነበር። አቶ ሳህሌ በዚያ ቤት አንዲት ሚስማር አልመቱም። የቤት ዋጋ ሲሰቀል ግን በ2022 መጥተው ቤቱ በወረቀት የራሳቸው እንደሆነ ተናገሩ።

ወ/ሮ ውባንቺ ጠበቃ ይዘው ወንድማቸውን ከሰው ነበር። የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌዎች፣ ሰብሳቢያቸው አቶ ዮናታንም ጭምር፣ አማኝ አማኝን አይከስም ብለው ክሱን እንዲያነሱ አደረጓቸው። «እህታችን፣ ጉዳዩን በጸሎት እንያዘው» አሏቸው። ሁለት ዓመት በጸሎት ተያዘ። በእነዚያ ሁለት ዓመታት ከሽማግሌዎቹ አንድም ሰው ኤቨረት ድረስ ነድቶ የሳህሌን በር አላንኳኳም። ታናሽ እህታቸው ገነት ከምትኖርበት ከማውንትሌክ ቴራስ እየተመላለሰች ሽማግሌዎቹን ስንት ጊዜ ለመነቻቸው! ጸሐፊዋ እሷ ናትና ይህን ጽሑፍ ለስለስ እንድታደርገውም ትናንት ተጠይቃለች፤ አላደረገችውም።

እ.ኤ.አ. በ2024 መጨረሻ ካንሰር እንዳለባቸው ታወቀ። ሆስፒታል ተኝተው ሳለ ሐሴት ለገነት ደውላ፣ «አንቲ፣ አንክል ሳህሌ ደጃችን ላይ ፎር ሴል ሳይን ተክለዋል፤ ቤቱ ሊሸጥ ነው። ዌር አም አይ ሰፖዝድ ቱ ጎ? የት ልግባ?» አለች። ገነት ከእህቷ ልትደብቅ ሞከረች፤ እሳቸው ግን ፊቷን አይተው አወቁ። አልጮኹም። «የሕይወት ታሪኬን ስትጽፊ የሳህሌን ስም እንዳታወጪ። የእናታችን ልጅ ነው» አሏት። ገነት ያን ቀን በእህቷም ተናደደች፤ ዛሬም አልበረደላትም።

ወ/ሮ ውባንቺ በተወለዱ በ56 ዓመታቸው እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 9 ቀን 2025 ወደ ጌታቸው ሄዱ። ልጃቸው ሐሴት ሉቃስ፣ እህታቸው ገነት ገመዳ እና ወንድማቸው ሳህሌ ገመዳ በሕይወት አሉ። የመጨረሻው ስም የተጻፈው በሟች ቃል ነው፤ በጸሐፊዋ ፈቃድ ቢሆን አይጻፍም ነበር።

ደክመው ያልጠገቡትን ዕረፍት ጌታ በእቅፉ ይስጣቸው፤ ሐሴትንም መጠጊያ አያሳጣት።

ከቀብር መልስ ለቅሶ የምንቀመጠው በዚያው በሌክ ሲቲው ቤት፣ በታችኛው ክፍል ነው። የሽያጩ ሰሌዳ በሩ ፊት ለፊት ስለቆመ መተላለፊያው ጠባብ ነው፤ እባካችሁ አንድ በአንድ ግቡ። ሽማግሌዎቻችንም አቶ ሳህሌም የሚገቡት በዚያው ነው።