ተያዥ የሚጠይቅ አድራሻ

ሰኞ፣ ጥቅ. 10/2007፣ ጠዋት 3 ሰ.
መብራት መጣ። ሥራ። ካርቱም፣ አል-ሳሃፋ ሰፈር ያለው ሥራ አገናኝ ቢሯችን ማመልከቻ በኢንተርኔት መቀበል ሊጀምር ነው። የዓረብኛው የድረ ገጽ አድራሻ ትናንት ተከፈተ፣ ዛሬ ተራው የአማርኛው ነው። ሙዲሩ፣ አለቃዬ፣ አልፈለገውም ነበር። ሐበሻ ሥራ የሚይዘው በሰው በሰው ነው፣ በኮምፒውተር ማን ያመለክታል ይላል። ለምኜ አስፈቀድኩ። እስከሚቀጥለው ሳምንት ሐሙስ ማመልከቻ ካልገባበት ኻላስ፣ ይዘጋል።

ማክሰ. 11
አዲስ አድራሻ ሁሉም ጋ እስኪደርስ ጊዜ ይፈጃል። እስካሁን የሚከፈተው በኔ ኮምፒውተር ብቻ ነው። እኔና ስክሪኑ ተፋጠን ዋልን።

ለሙከራ ፎርሙን ራሴ ሞላሁ። ስም። ዕድሜ። የሥራ ልምድ። ተያዥ። ዓረብኛው ላይ ተያዥ የለም፤ እኔ ነኝ የጨመርኩት። አገር ቤት ተያዥ ሳያመጣ የሚቀጠር ሰው መች አየሁ? ካልተሞላ አያሳልፍም፣ እንደዚያ አድርጌ ነው የሠራሁት። ጎበዝ። አሁን የማንን ስም ልጻፍ? ካርቱም ከገባሁ ስድስት ዓመቴ። አሰብኩ፣ አሰብኩ። የሙዲሩን ስም ጻፍኩና አለፈ። ብቻዬን ሳቅኩ። ከዚያ ምሳ አልበላ አለኝ።

ዓርብ 14
ዕረፍት። ቤ/ክ። እዚህ ሰው የሚሞላው ዓርብ ነው፣ አሠሪ የሚለቀው ያኔ ነዋ። አድራሻውን በብጣሽ ወረቀት እየጻፍኩ አደልኩ። አንዷ ጽጌ ትባላለች፣ ካፉሪ ሰፈር አንድ ቪላ ውስጥ ነው የምትሠራው። እመቤቷ አስመርራታለች፣ ሌላ ቤት ትፈልጋለች። በስልክ ይሞላል ወይ አለች። ይሞላል አልኩ። አገሬን ጠየቀች። ደብረ ማርቆስ ስላት፣ እሷ ደጀን ናት፣ «ወላሂ ጎረቤት ነና!» ብላ ሳቀች። ቢያስቸግረኝ ብላ ስሜንና ስልኬን ያዘች። ሌላ ሰው ጠራት፣ ሄደች። በቃ።

የሳምንቱ ረጅሙ ጨዋታዬ ይኸው ነው። አንቺ ደብተር፣ አትሳቂ።

ማክሰ. 18፣ ከሰዓት
ማመልከቻ የለም። ሙዲሩ በበሩ ሲያልፍ ፈገግ ይላል።

ግን ሰው ገብቶ ነበር! ማን እስከ የት እንደሞላ አየሁ። ስም ሞልተዋል፣ ዕድሜ ሞልተዋል፣ ሁሉም አንድ ቦታ ላይ ትተውት ወጥተዋል። ተያዥ። ወይ ድንቁርናዬ! ዘመዱን ጥሎ የወጣ ሰው እዚህ ማን ዋስ ይሆነዋል? እኔ ራሴ እዚያው ላይ ቆሜ አልነበር? በዚያን ቀን ያልገባኝ ለምንድን ነው? አፈርኩ።

ጥያቄውን ከፎርሙ ልሰርዘው ስል መብራት ጠፋ። እስክወጣ አልመጣም።

ረቡዕ 19፣ ጠዋት
መብራት አለ። ገና ሳልነካው አንድ ማመልከቻ ገብቶ ጠበቀኝ። የመጀመሪያው። ጽጌ፣ ካፉሪ። ተያዥ በሚለው ላይ የኔ ስም ከነስልኬ። ዝምድና፦ የአገር ልጅ።

ሳትጠይቀኝ! ተያዥ እኮ ቀልድ አይደለም። ብታጠፋ እኔ ነኝ የምያዘው። አባቴ ለገዛ ወንድሙ ልጅ እንኳ ሦስት ቀን አስቦ ነው የፈረመው። ተናደድኩ። ከዚያ ስሜን መልሼ አነበብኩት። እንደገና። መኖሪያ ፈቃዴ ላይ ካልሆነ በቀር እዚህ አገር ስሜን የጻፈ ሰው አላውቅም። ዓይኔ እንባ ሞላ፣ ምን ይደረጋል።

ሙዲሩን ጠርቼ አሳየሁት። ማብሩክ፣ እንኳን ደስ ያለህ አለ። አማርኛ ስለማይችል እየተረጎምኩ አነበብኩለት። ተያዡ ጋ ስደርስ የራሴን ስም ሰምቶ ቀና አለ። ልጅቷን ታውቃታለህ ወይ አለኝ።

አውቃታለሁ አልኩ።

አድራሻው አይዘጋም። ጥያቄውን ለሌላው ሁሉ ሰረዝኩት። የሷን እንዳለ ተውኩት።

አሁን ልደውልላት ነው። ምን ብዬ እንደምጀምር እንጃ። ተያዥሽ ነኝ እላለሁ።