በነጩ ግድግዳ ላይ የቆሙት

ተሾመዬ፣ የልቤ ሰው፤

ከተለየኸኝ ዓመት አለፈ። አሰበ ተፈሪ እንዳለች ናት፤ ቤታችን ግን ዛሬ የልጅ ለቅሶ ይሰማበታል። አዎ፣ አያት ሆነሃል። ልጃችን ሰናይት ለመጀመሪያ ልጇ እንደ ወጉ እኔ ዘንድ መጥታ ወለደች። ሴት ናት፣ ግንባሯ ቁርጥ አንተን። ብልቃጦችህ በነበሩበት መደርደሪያ ላይ አሁን የእሷ ጨርቅ ተቀምጧል። ከክርስትናው በኋላ ባሏ ወደ ቆላው አሰቦት፣ ወደሚሠራበት ባቡር ጣቢያ ሊመልሳቸው ነው፤ ክረምቱም እየመጣ ነው። የምጽፍልህ ፈርቼ ነው።

ለወባ ሥራ ቆላ ወርደህ በተመለስክ ቁጥር ቢንቢ በብልቃጥ ይዘህ ትገባ ነበር። ለሌላው ሚስት ብርቱካን ይመጣላታል፣ ለእኔ ቢንቢ፣ እያልኩ ስንቴ ስቄብሃለሁ። በየቤቱ ግድግዳ የሚረጨው ዲዲቲ ከተነከረበት ወረቀት ጋር ታቆያቸውና ወደ ንጹሕ ብልቃጥ ታዛውራቸዋለህ፤ በማግስቱ ቁርስ ሳትቀምስ የተረፈ እንዳለ ታያለህ። መጀመሪያ ሁሉም ይረግፉ ነበር። ኋላ አንዳንዷ ቆማ ማደር ጀመረች። ዕድሏ ነው ስልህ አንተ ቁጥሯን ትጽፍ ነበር።

ከዚያ ካልተረጨ መንደርም እያመጣህ ታስተያይ ጀመር። ባልተረጨው የሚተርፉት እንደ ድሮው ጥቂት ነበሩ፤ በተረጨው ግን በየዓመቱ በዙ። ዕድል ቢሆን አንዴ ከፍ አንዴ ዝቅ ይል ነበር አልከኝ። መድኃኒቱ ብርቱዎቹን አልፈጠራቸውም፣ ድሮም በመካከላቸው ነበሩ፤ ሌሎቹን እየገደለ ቤቱን ለእነሱና እነሱን ለሚመስሉ ልጆቻቸው ለቀቀላቸው። ከጭማሪው ተነስተህ በስንት ክረምት ሁሉም እንደዚያ እንደሚሆኑ ልትገምት ትታገል ነበር። ሳትጨርሰው ያችው ወባ ወሰደችህ። አሁንም ያናድደኛል።

ወባው ላለመጥፋቱ ሰው ሁሉ በልቅለቃ ያሳብባል። እውነት ነው፣ ረጪዎቹ ሲወጡ ሴቶቹ ቤቱ ለአራስ እንዲያምር ብለው መድኃኒቱ የተወውን ነጭ ምልክት በጭቃና በእበት ይለቀልቁታል። እኔም ይህንኑ አምኜ ተጽናንቼ ነበር።

ሰናይትን ለወሊድ ላመጣት አሰቦት ስወርድ ግን ግድግዳዋ ነጭ እንደሆነ አገኘሁት። ባሏ ምክርህን አክብሮ፣ እናቱን ተከራክሮ፣ አላስለቀለቀም። ደስ ብሎኝ ሳልጨርስ በዚያው ነጭ ግድግዳ ላይ ቢንቢዎች አርፈው አየሁ። እንዳስተማርከኝ በብልቃጥ ያዝኳቸው። ወረቀቱ ያረጀ እንዳይሆን ከጓደኞችህ አዲስ ለምኜ ነበር። ጠዋት ሳይ፣ ተሾመዬ፣ የረገፉት ጥቂት ናቸው። የቀሩት ቆመዋል። ብልቃጥ ውስጥ ደግሞ ልቅለቃ የለም።

ለሰናይት እስካሁን አልነገርኳትም፤ አራስ ናት ብዬ። ባሏ ሲመጣ ግን ለሁለቱም እነግራቸዋለሁ። አማቶቿ ወግ አፈረሰች ይበሉኝ፤ ክረምቱ ሳያልፍ ይህችን ልጅ ቆላ አላወርዳትም። አንተን ሰጥቻለሁ፣ ይበቃል።

እዚህ ዳገቱ ላይ አያገኙንም ብዬ ነበር። ዛሬ ጠዋት ከሕፃኗ መኝታ በላይ አንዲት ቆማ አገኘሁ። በመዳፌ ገደልኳት፤ እጄ ላይ ደም ቀረ። የማን ደም እንደሆነ ታውቃለህ።

አልረሳህም። በሕይወት እስካለሁ ድረስ በየማለዳው ተነስቼ ግድግዳውን አንተ ታየው እንደነበረው አያለሁ።

ያንተው አስካለ